ግድግዳውን ያስፈረሰው ፈቃድ

እትዬ ደንብ ውሸት የማትወድ ብቻ ሳትሆን የማትችልም ሰው ነበረች። እንግዳ መጥቶ «ሦስት ቁጥር ጸጥ ያለ ክፍል ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «ጸጥታ እንኳ የለውም፤ ጎረቤታችን አናጢ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ሲመታ ነው የሚውለው፤ ፍራሹም መሐሉ ጎድጉዷል» ብላ ቁጭ! እንግዳው ሻንጣውን አንስቶ በመጣበት ሲመለስ ደግሞ በሩን ከፍታ፣ ደረጃው እንዳያደናቅፈው አስጠንቅቃ ትሸኘዋለች። ደንብ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ጫማ የሚጠረግበት ደንብ አላት፤ ቁልፍ የሚመለስበት ደንብ አላት፤ መስኮት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ደንብ አላት። እንኳን ሰው ድመቷም ሳሎን የምትገባው ጠባይዋን አሳምራ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት አንድ ቀን ከፈቃድ ቢሮ ስትመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ የዋሸችው። የዋሸችውም ቀላል ውሸት አይደለም፤ ቤት የሚያፈርስ ነው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ መጠጥ ማቅረብ የሚፈቀደው ለትልልቅ ሆቴሎች ብቻ ነበር። እንደ እሷ ያለ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ሻይ፣ ውሃና ለስላሳ እንጂ ቢራ ማቅረብ በሕልሙም አይታየውም። ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅም የዋለ መንገደኛ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ክፍል ይጠይቃል፤ ፊቱን ታጥቦ ሳሎን ብቅ ይልና «አንድ ቀዝቃዛ ቢራ አይጠፋም መቼም?» ይላል። ይጠፋል። መንገደኛውም ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ሆቴል ይሄዳል። አንዱን ሲጠጣ ጥሙ ይቆርጥለታል፤ ሁለተኛውን ሲጠጣ አልጋ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ሰው ልኮ ሻንጣውን ያስመጣል። የእትዬ ደንብ ክፍሎች እንዲህ እንዲህ እያሉ ጦማቸውን ማደር ለምደው ነበር።

ስለዚህ አዲስ መመሪያ ወጣ ሲባል ከማንም ቀድማ ቢሮው በር ላይ ተገኘች። በመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ወጣት ጸሐፊ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት ለምዳው ነው መሰል ባንድ ትንፋሽ አነበነበችላት። «ትንንሽ ማረፊያዎችም ከእንግዲህ መጠጥ ማቅረብ ይችላሉ። ግን አልጋ ለያዘ እንግዳ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ለገባ ሰው አይቻልም። መጠጡ የሚቀመጠው የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ክፍሎቹ ከአራት ማነስ የለባቸውም።»

«አራት?»

«አራት። ስንት አለዎት?»

«አራት።»

«እንግዲያው ምን ቀረዎት! ቁም ሣጥኑን አዘጋጅተው ያመልክቱ፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እየፈነደቀ ይወጣ ነበር። እትዬ ደንብ ግን አመስግና ስትወጣ ሆዷን ቅር አለው። ምን እንደነካት ለራሷም አልገባትም፤ የገባት ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው። አራት ክፍል የእሷ ድርሻ ነው። የቀረው አራት ከግድግዳው ማዶ ነው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ እህቷ አለች።

ቤቱ የአባታቸው ነበር፤ መሐሉ ላይ ሰፊ ሳሎን፣ ከሳሎኑ በስተግራ አራት ክፍል፣ በስተቀኝ አራት ክፍል። አባታቸው ሲሞት ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ያዙት። ታላቋ ደንቡን ስትጠብቅ ታናሿ እንግዳውን ታስቃለች። ታናሿን ሰፈሩ ሳቂታ ነው የሚላት፤ ሳቋ ከበሩ ቀድሞ እንግዳ ይቀበላል። አንዷ ፍሬን አንዷ ነዳጅ ሆነው ቤቱን ሲነዱት ኖሩ፤ መኪናም ያለ ሁለቱ አይሆንም።

አንድ የሚያቃጥል ከሰዓት፣ ሳቂታ ጉሮሮው ደርቆ ድምፁ የጠፋ መንገደኛ አየችና አንጀቷ አልችል አለ። ቢራ አስመጣች፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ ገለበጠችው፤ በሻይ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። እሱም ማንኪያ ጠይቆ፣ ስኳር እንደሚያማስል ሰው እያማሰለ ጠጣ። መንገደኛው ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛውም ሌላ ጓደኛ ነበረው። ሰው ሻይ ጠጥቶ እየዘፈነ የሚወጣበት ቤት ተገኘ የሚል ወሬ ሲነዛ፣ ተቆጣጣሪ ሳይጠሩት ከች አለ። የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ አሸተተና «ይህን የቀዳው ማን ነው?» አለ። መንገደኞቹ ጣራ ጣራ አዩ፤ አንዱማ ጫማውን እንደ አዲስ ማሰር ጀመረ። እትዬ ደንብ ግን ሲጠይቋት የምትመልስ ሴት ናት።

«እህቴ ናት» አለች፤ በጣቷም አሳየች።

ቤቱ ታሸገ። ጊዜውን ጨርሶ ሲከፈት ሁለቱ እህትማማቾች አብረው አልገቡም። «እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለች ታላቋ። «እውነት መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም፤ ግን እህቴ አይደለሽም ወይ?» አለች ታናሿ። በዚያው ተኮራረፉ። ሳቂታ ግንበኛ ጠራች፤ ግንበኛው ሳሎኑን በብሎኬት ከመሐል ገመሰው፤ በየወገናቸው የመንገድ በር ወጣላቸው፤ አንዱ ማረፊያ ሁለት ሆነ።

ግንበኛው ታዲያ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ግድግዳውን ጨርሶ መሣሪያውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ የሳቂታ ሳሎን መብራት ማብሪያው በእትዬ ደንብ በኩል ቀርቶ ተገኘ። የእትዬ ደንብ ውሃ መክፈቻ ደግሞ በሳቂታ በኩል። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ማስቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለቱም አላስቀየሩም። ሲመሽ እትዬ ደንብ መጀመሪያ የእህቷን መብራት ታበራለች፤ ከዚያ የራሷን። ሲነጋ ሳቂታ መጀመሪያ የእህቷን ውሃ ትከፍታለች፤ ከዚያ ፊቷን ትታጠባለች። በዚያ ሁሉ ዓመት መብራቱ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ውሃው አንድ ቀን ተረስቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቃቸው ግን ተኳርፈናል ነው መልሳቸው።

እትዬ ደንብ ይህን ሁሉ መንገድ ላይ ቆማ አሰበችው። እሷ ፈቃድ ብታወጣ ሳቂታም በበኩሏ ታወጣለች። ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት ቁም ሣጥን፣ በሁለት በር የሚገባ እንግዳ። ከዚያማ ግድግዳውን የሚነካው ማን ነው? ዕድሜ ልኩን መቆሙ ነው። ምናለ ስምንት ባሉ ኖሮ አለች በሆዷ። ስምንት ቢሉ ግድግዳው ሳይወድ በግዱ ይፈርስ ነበር። ምናለ ስምንት... ብስክሌተኛ ከኋላዋ ደወል ሲደውልባት ነው ከመንገዱ መሐል የወጣችው።

ከቤታቸው ትይዩ ጸጉር አስተካካይ አለ። ሰፈሩ አምባሳደር ይለዋል፤ ሥራው ጸጉር ቢሆንም ትርፍ ጊዜው የሁለቱን እህትማማቾች መልእክት በማመላለስ ነው ያለቀው። «ድመትሽ መስኮቴ ላይ ናት በላት»፣ «አንሶላዬ ገመዷ ላይ ተጠምጥሟል በላት» እየተባለ መንገዱን ሲያቋርጥ ጫማው አልቋል። እትዬ ደንብ ስትገባ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ጢም ላጭቶ ግማሹን አረፋ ላይ ትቶት ነበር።

«እትዬ! ምነው በደህና? ፊትዎ ቀልቷል።»

«ፀሐዩ ነው» አለች። ይህኛው እንኳ እውነት ሊሆን ይችል ነበር። «ፈቃድ ቢሮ ቆይቼ መምጣቴ ነው። ትንንሽ ማረፊያዎች ለእንግዶቻቸው መጠጥ እንዲያቀርቡ ተፈቅዷል።»

«እሰይ! ገላገሉን በሉኛ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ደስታው ቆይ። ክፍሎቹ...» ትንፋሽ ሳበች። «ክፍሎቹ ከስምንት ማነስ የለባቸውም።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የእሷ አፍ ያን ዕለት ታማኝ ሆነ፤ የከዳት ፊቷ ነው። በትልቁ መስታወት ጆሮዋ ሲቀላ፣ ቅላቱ ወደ አንገቷ ሲወርድ እያየች ቆመች። ደግነቱ አምባሳደር የሚያየው ጣቶቹን ነበር።

«ስምንት? እርስዎ ያለዎት አራት። ማዶም አራት። አራትና አራት...»

«ስምንት» አለ ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ።

«ይኸን እናንተ ናችሁ ያላችሁት» አለች እትዬ ደንብ። «እኔ ለማንም ንገሩልኝ አላልኩም። ብትነግራትም ባትነግራትም ያንተ ጉዳይ ነው፤ አልላክሁህም።»

ንግግሯን ሳትጨርስ አምባሳደር ምላጩን እንደያዘ መንገዱን እያቋረጠ ነበር። ግማሽ ጢሙ የቀረው ደንበኛ በበሩ ብቅ ብሎ፣ የመጣሁት ለመላጨት ነው ለመሸምገል እያለ ሲጮህ የሚሰማው አላገኘም።

ሲመለስ እትዬ ደንብ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። «ምን አለች?»

«ላስብበት ነው ያለችው።»

«ሳቀች?»

«ኧረ አልሳቀችም። መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ደግመህ ንገረኝ አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ‹ራሷ ናት ከአፏ ስምንት ያለችህ?› አለች። ‹ከአፏ› አልኳት። ‹እስቲ ማልልኝ› አለች። እኔ እንኳ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የለም፤ ይህን ነገር አንድ በሉት ብያት መጣሁ። ከሁለታችሁ መሐል የሸበትኩት እኮ እኔ ነኝ።»

መልሱ ሳይመጣ ጥቂት ቀናት አለፉ። እትዬ ደንብ አልጋ ስታነጥፍ አንሶላውን በግልባጩ አነጠፈች፤ ለሁለት ቁጥር እንግዳ የአራት ቁጥርን ቁልፍ ሰጠች፤ የመስኮቱን ደንብ ራሷ አፈረሰች። አንድ ውሸት ይህን ያህል ሥራ እንደሚያስፈታ አላወቀችም ነበር። በመጨረሻ አምባሳደር ከደረጃው ሥር ሆኖ ጮኸ።

«ይፍረስ ብላለች! ግን መጀመሪያ የምመታው እኔ ነኝ ብላለች!»

እትዬ ደንብ መጋረጃ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጥታ «ደግ፤ አቧራ እንዳይሆን መጀመሪያ ወንበሮቹን ትሸፍን በላት» አለች።

የሚፈርስበት ቀን ሲደርስ አንድ ብሎኬት ለመምታት የማያምረው ጎረቤት አልነበረም። አናጢው መዶሻውን ይዞ መጣ። በእትዬ ደንብ በኩል አልጋ የያዘ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ሸሚዙን ጠቅልሎ ተዘጋጀ። ማዶ ግን የሳቂታ ድምፅ አይሰማም፤ የሚሰማው መዶሻዋ ብቻ ነው። ድም! ልስኑ ተሰነጠቀ። ድም! አቧራ ሆነ። አንድ ብሎኬት ተፈንቅሎ ወደቀና በቀዳዳው ውስጥ አንድ ዓይን ታየ። አምባሳደር ከቀዳዳው አጠገብ ሥራውን ያዘ።

«አምባሳደር፣ ቀስ ብላ ትምታ በላት፤ ሥዕሌ ይወድቃል» አለች እትዬ ደንብ።

«ቀስ ብለሽ...»

«ሰምቻለሁ። ሥዕሏን ታውርደዋ በላት» አለ የማዶው ድምፅ።

«ሥዕሉን ያውርዱት...»

«ጆሮዬ ይሰማል። ካወረድኩት ቆየሁ በላት።»

«ካወረድኩት...»

«ካወረደችውማ ምን ያስለፈልፋታል በላት!»

አናጢው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ውጪ ወጣ። ቀዳዳው ሰፋ፤ ከላይ በኩል የቀሩት ብሎኬቶች የያዛቸው ነገር አልነበረም። እትዬ ደንብ ደንቧ አልፈቅድ ብሏት የወደቀውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ከበላይዋ አንዱ ተንሸራተተ።

«እታለም! እግርሽን!»

ብሎኬቱ ከእትዬ ደንብ ጫማ አጠገብ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። ሳቂታ መዶሻዋን እንደያዘች፣ ጸጉሯ አቧራ ለብሶ ነጭ ሆኖ፣ አፏን በእጇ ሸፍና ቆማለች። እታለም የምትላት አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ነበር፤ ከማንቆርቆሪያው ወዲህ ግን ‹ያቺ› እንጂ ሌላ ስም አልነበራትም።

«አልነካኝም» አለች እትዬ ደንብ። የነገረችው ለአምባሳደር አልነበረም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አንቺስ፣ አቧራው ዓይንሽ አልገባም?»

«ገብቷል መሰለኝ፤ ያስለቅሰኛል።»

«እኔንም።»

አምባሳደር አንዴ ይቺን አንዴ ያቺን ካየ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔስ እንግዲህ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው? ወደ ሱቄ ልሂዳ።»

«ወዴት ነው የምትሄደው? ይህን ፍርስራሽ ማን ሊያወጣው ነው?» አሉ ሁለቱ እኩል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። አናጢው ወፍራም ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ሠራ። ሳቂታ ብርጭቆ ገዝታ መጣች፤ እትዬ ደንብ በመጠን በመጠናቸው ደረደረቻቸው፤ ሳቂታ ደባለቀቻቸው፤ እትዬ ደንብ እንደገና ደረደረቻቸው። ሁለቱ ቁልፍ መስቀያዎች አንድ ላይ ተሰቀሉ። ሳቂታ የሳሎኗን ማብሪያ በእህቷ ወገን ግድግዳ ላይ ስታገኘው እንደ ሕፃን አበራችው፣ አጠፋችው፣ አበራችው። «እዚህ ነበር እንዴ የምታበሪልኝ?» አለችና ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ሳቋ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር፤ እንግዶቹ ገና ከደረጃው ሥር ሆነው ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ይስቁ ጀመር።

እትዬ ደንብን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ሳቂታ መልካም መልካሞቹን ብሎኬቶች ግቢ ውስጥ አስደርድራ አስቀምጣለች። «ምን ያደርጉልሻል?» ስትላት «ኧረ አይታወቅም» ነው መልሷ። ተቆጣጣሪው መጥቶ፣ አራት ይበቃችሁ ነበር ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ እህቷ መታለሏን አውቃ በዚያው ብሎኬት ግድግዳውን መልሳ ታቆመዋለች። ያኔ ደግሞ ማብሪያውን አስቀይራ ነው የምታቆመው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ያሉ ሰዎች የእትዬ ደንብን ውሸት አልተሸከሙትም። የእሷ በየቀኑ ይከብድ ነበር።

ልትናገር ሞከረች። ሾርባ እየበሉ «እኔ እምልሽ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር...» ስትል ሳቂታ «የጠርሙስ መክፈቻውን ነው? ገዝቻለሁ» አለቻት። መጋረጃ እየሰቀሉ «ያ የስምንቱ ነገር እኮ...» ስትል «ስምንትም መጋረጃ ይበቃናል፤ ያዥልኝ» አለቻት። እትዬ ደንብ መጋረጃውን ያዘች።

ተቆጣጣሪው የመጣው ገና እንግዶች ከመንገድ መግባት ሲጀምሩ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነበር። ቁም ሣጥኑን ከፈተው፤ ቆለፈው፤ ጎተት አድርጎ ሞከረው፤ እንደገና ከፈተው። በዚህኛው ጉዞውም እዚሁ ያረፈውን የአውቶቡስ ሹፌር «አልጋ ይዘዋል?» ብሎ ጠየቀው፤ ሹፌሩ ቁልፉን ሲያሳየው ራሱን ነቀነቀ። አምባሳደርን «እርስዎስ?» ሲለው «እኔ ሻይ ነኝ» አለ አምባሳደር፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። ተቆጣጣሪው ብርጭቆውን ተቀብሎ አሸተተው። እውነተኛ ሻይ ነበር። ሳቂታ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ መወልወል ያዘች። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው በግራ ሄዶ ተመለሰ፤ በቀኝ ሄዶ ተመለሰ፤ መጻፍ ጀመረ።

«ስምንት ክፍል። ንጹሕ ነው፤ ሰፊም ነው። ግድግዳ አፍርሳችኋል ልበል? የወለሉ ቀለም ሁለት ዓይነት ነው።» ቀና አለ። «ለፈቃዱ ብላችሁ ከሆነ በከንቱ ደከማችሁ። መስፈርቱ እኮ አራት ነው። በየፊናችሁ ይበቃችሁ ነበር።»

አምባሳደር የጎረሰው ሻይ አፉ ውስጥ ቀረ። ሲውጠው «አራት? ስምንት አይደለም እንዴ?» አለ።

«ስምንት ያላችሁ ማን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

ሹፌሩ ቢራው እንዳይቀርበት ይሆን ምን ይሆን ጣራ ጣራ አየ። እትዬ ደንብ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ወደ መሐል ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቢሮ አራት ነው የተባልኩት። ስምንት ያልኩት ከራሴ አፍልቄ ነው። እህቴ የምታውቀው ነገር የለም፤ አታልዬያት ነው።» ወደ ሳቂታ ጀርባ ዞረች። «ግድግዳው እንዲፈርስ ብዬ ነው። ናፍቀሽኝ ነው። ያን ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ጠቁሜሻለሁ፤ አሁንም ሰው በተሰበሰበበት ይቅር በይኝ። እውነት ተናገርኩ ብዬ እስከ ዛሬ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ፤ እህት ከሌለችበት ግን እውነቱ ምን ይሠራልኛል? ብሎኬቱ ግቢ አለ። መልሼ ላቁመው ካልሽ ግንበኛውን ራሴ ጠርቼ፣ ራሴ አቀብለዋለሁ።»

የሳቂታ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብላ እትዬ ደንብ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ሳቂታ ዞረች። በሳቅ ፈርሳለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ስምንት!» አለች መተንፈስ ሲያቅታት። «ስምንት! እኔ እኮ አውቃለሁ! አምባሳደር ስምንት ብሎኝ በነጋታው ቢሮ ሄጃለሁ። ልጅቷ አራት አለችኝ። ‹እርግጠኛ ነሽ የኔ እህት?› አልኳት። ‹ትናንትም እርስዎን የሚመስሉ ሴትዮ መጥተው አራት ብያቸዋለሁ› አለችኝ!»

«ታዲያ ልናገር ስል ለምን አላስጨረስሽኝም?»

«እንዲህ ስትዋሺ አይቼሽ አላውቅማ! ትንሽ ደስ ይበለኝ ብዬ ነው፤ ብሎኬቱንም ያስደረደርኩት ለዚሁ ነው። ሾርባው ላይ እኮ ጆሮሽ በርቶ ነበር፤ መብራት ባይኖርም እናነብበት ነበር!»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለ አምባሳደር፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «በዚህ ሰፈር የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ? ያን ሁሉ ብሎኬት ተሸክሜ!»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን እንደያዘ ሲጠብቅ ቆይቶ አፉን ከፈተ። «ይቅርታ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ሳላቋርጥ... ፈቃዱ አንድ ነው ሁለት?»

«አንድ» አሉ ሁለቱም።

«መጠጡን የሚቆጣጠረው ኃላፊ ማን ተብሎ ይመዝገብ?»

«እሷ» አለች ሳቂታ፤ «ደንብ የምታውቀው እሷ ናት።»

«የለም፣ እሷ» አለች እትዬ ደንብ፤ «መቅዳት የምታውቀው እሷ ናት፤ ከድሮም።»

ተቆጣጣሪው አንገቱን ደፍቶ የሁለቱንም ስም ጻፈ። ሲጽፍ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ፈገግታ ነገር ነበረች። ወረቀቱን አስረክቦ ሲያበቃ ቁም ሣጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ አየው፤ ይህን ጊዜ ግን ቁልፉን አልነበረም የሚያየው። ሳቂታ «አልጋ ቢይዙ እኮ...» ስትለው ሚስቱ እንደምትጠብቀው ተናግሮ፣ እያዘነ ወጣ።

የመጀመሪያውን ቢራ ለሹፌሩ የቀዳችው እትዬ ደንብ ናት። ቀድታ አታውቅምና ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋ ገለበጠችው፤ አረፋው ብርጭቆውን አልፎ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ የሹፌሩ ሱሪ ላይ ደረሰ። ሹፌሩ ግን «እንዲህ ነው እንጂ ለእንግዳ መቅዳት!» ብሎ የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሰዉ አጨበጨበ። አናጢው ቤቱ ሁለት እርምጃ ሆኖ ሳለ ሰባት ቁጥርን ያዘና ቁልፉን እንደ ሜዳልያ እያሳየ ቢራውን ተቀበለ። አምባሳደርም ጢሙን እያሻሸ ስምንት ቁጥርን ጠየቀ።

ሁካታው መሐል እህትማማቾቹ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ብርጭቆ ያጥባሉ። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች።

«ግን ንገሪኝ» አለች እትዬ ደንብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አራት መሆኑን ካወቅሽ፣ የራስሽን ፈቃድ ማውጣት ስትችዪ፣ ለምን መዶሻ አነሳሽ?»

ሳቂታ ሳቋን ተወችው። እርጥብ እጇን ከውሃው አወጣች።

«ያን ጊዜ፣ ማንቆርቆሪያው የተያዘ ዕለት፣ ለእኔ ስትል አንዲት ውሸት ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ መሰለሽ። ይኸው ዋሸሽልኝ። አንቺ፣ እታለም፣ ዋሸሽልኝ! ታዲያ መዶሻ አላነሳ?»

እትዬ ደንብ ማድረቂያውን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣለች። የእህቷን እርጥብ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሹፌሩ ሁለተኛ ቢራ እየጠየቀ ነበር። እንግዳ ማስጠበቅ በደንቧ የሌለ ነገር ቢሆንም አስጠበቀችው።